የቆየች ኮሮላ የፊት መብራት ደከመብኝ ላሉት ጠያቂ

በ1997 እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ እንዳለችዎት፣ ማታ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ አጭሩ መብራት በመንገዱ ዳር የሚሄደውን እግረኛ በጊዜ እንደማያሳይዎት፣ የመለዋወጫ ሻጩም ኤልኢዲ አምፖል እንዲገዙ እንደመከረዎት ጽፈው በአነስተኛ ገንዘብ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ተመሳሳይ መኪና ለዘጠኝ ዓመት ስለነዳሁና በዚሁ ጉዳይ ገንዘብ በከንቱ ስላወጣሁ በዝርዝር ልመልስልዎት። ኤልኢዲውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ አሁን ያለው አምፖል የሚገባውን ያህል ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ይመርምሩ።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ ሳለ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) በመጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም አምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቱን ይለኩ። በእኔ መኪና ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ሲነበብ አምፖሉ ጋ የደረሰው 11.9 ብቻ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ በእጅጉ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ያ ጉድለት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን ብርሃን ይወስዳል። ኤሌክትሪኩ የሚባክነው ለሃያ ምናምን ዓመት ባገለገለው ቀጭን ሽቦ፣ በተበላው ማብሪያ ማጥፊያና ከቦዲው ጋር በታሰረው የዛገ የነጌቲቭ ጫፍ ላይ ነው። የነጌቲቩን ጫፍ ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማሰር ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ከዚህ ብቻ ግማሽ ቮልት ያህል አግኝቻለሁ።

ቀሪውን ያስተካከለልኝ ሪሌይ ነው፤ ይኸውም በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አሠራሩም አሮጌው ሽቦ ለሪሌዩ ትእዛዝ ብቻ እንዲሰጥ፣ አምፖሉን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ግን ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ሽቦ እንዲመጣ ማድረግ ነው። አንዱ ለረጅሙ፣ ሌላው ለአጭሩ መብራት የሚሆኑ ሁለት ባለ 30 አምፒር ሪሌዮች፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ከባትሪው አጠገብ የሚቀመጡ ፊውዞች ይበቃሉ። ለኤሌክትሪክ ባለሙያው አስቀድመው ሊነግሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ፖዘቲቩ ለሁለቱም መብራቶች በጋራ የሚገባ ሲሆን፣ ረጅምና አጭሩን የሚለየው የነጌቲቩ መስመር ነው። ይህን ሳያጣራ ለሌላ መኪና የተዘጋጀ ገመድ የገጠመልኝ ባለሙያ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ተገዷል።

ኃይለኛ አምፖል በመግዛት ይህን ሥራ መዝለል አይቻልም። ረጅሙንና አጭሩን መብራት በአንድ ላይ የያዘው መደበኛው ኤች 4 አምፖል 60/55 ዋት ነው፤ በአሮጌው ሽቦ ላይ 100/90 ዋት ሲገጠም ሶኬቱ ይቀልጣል። የእኔም ቀልጧል። ኤልኢዲውን በተመለከተ፣ የመብራትዎ አንጸባራቂ የተነደፈው ለቀጭኗ የሃሎጅን ክር ቦታ ልክ ነው፤ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ያለችው ትንሽ ቆርቆሮም ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳያመልጥ ትከልላለች። የብርሃኑ ምንጭ ቅርጽና ቦታ ሲለወጥ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ በመንገዳችን ላይ በየምሽቱ የምንሠቃይበት ይኸው ነው።

የመብራቱ ሽፋን ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ ከሆነ በ800፣ በ1500፣ ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ይፈግፍጉትና በፖሊሽ ይወልውሉት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ካልተቀባ ቢጫነቱ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የጥርስ ሳሙናም ለጊዜው ብቻ ነው የሚያሳምረው። የውስጡ አንጸባራቂ ከደበዘዘ ወይም ከተላጠ ግን ሙሉ መብራቱን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለም። ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ ሲገዙ በውስጡ ያለው አንጸባራቂ እንደ መስታወት የጠራ መሆኑን በቀን ብርሃን ይመልከቱ። ከጃፓን የወጣ መብራት ለግራ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ያደርጋል፤ ይህም በእኛ አገር ከፊት የሚመጣው ተሽከርካሪ ያለበት ጎን ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪና ላይም ተመሳሳይ ችግር አይቻለሁ።

በመጨረሻም መብራቱን ያስተካክሉ። ጎማዎቹ በልክ ተነፍተው፣ ሾፌሩ ተቀምጦ፣ መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃ ትቁም፤ የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝም ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። ከመብራቱ ጀርባ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች በዝገት ከያዙ የፕላስቲክ ጥርሳቸው ስለሚሰበር በኃይል አያዙሯቸው፤ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው አንድ ሌሊት ይተዏቸው።