የአሜሪካ አርሚ ገብቼ ሜዲክ ልሁን ወይስ ነርሲንጌን ልጨርስ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት። 21 ዓመትሽ ነው፣ በዲቪ መጥተሻል፣ ለነርሲንግ የሚጠየቀውን አናቶሚ አንድን ጨርሰሻል፣ ለአርሚ ሰው የሚመለምለው ሪክሩተር በየቀኑ ይደውልልሻል። ሜዲክ (የቆሰለ ወታደር የሚያክም ወታደር) ሆኜ አርሚ ልግባ ወይስ ነርሲንጌን ልቀጥል ነው ያልሽው። ይሄ ቁርጥ የኔ ታሪክ ነው። እኔም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 በዲቪ መጥቼ፣ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ኮሌጅ እማር ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርሽ።

1ኛ፦ የሥራው ቁጥር ውልሽ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሚ። የሜዲክ ኮድ 68 ደብሊው ነው። የአርሚ መግቢያ ፈተናው ላይ ጂቲ የሚሉት ነጥብ 107 ይፈልጋል። ነጥቡን አምጥተሽም «አሁን ቦታ የለም» ካሉሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ፤ በሚቀጥለው ወር ሊከፈት ይችላል።

እኔ ነጥቡ ነበረኝ። ሪክሩተሬ በጣም ተግባቢ ሰው ነበር። ቡና ይገዛልኛል፣ ስለ እናቴ ይጠይቀኛል። «ሜዲክ ለጊዜው ሞልቷል፤ በ88 ኤም ግባና ከስድስት ወር በኋላ ትቀይራለህ» አለኝ። 88 ኤም ማለት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አመንኩት። የምትፈርሚበት ወረቀት ዲዲ ፎርም 4 ይባላል። እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል «ከዚህ ውጭ ማንም ቃል የገባልኝ ነገር ዋጋ የለውም፣ አይፈጸምም» የሚል ነገር ተጽፏል። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ቸኮልኩ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ስድስት ወር ሞልቶ ስጠይቅ መቀየር የምችለው ውሌን ሳድስ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ሪክሩተሩ ጋ ስደውል ስልክ አያነሳም። አራት ዓመት ሙሉ መኪና ነዳሁ። የአጥንቶችን ስም የጻፍኩባቸውን ካርዶች ከጋቢናው ፀሐይ መከላከያ ሥር ሰክቼ፣ ኮንቮይ በቆመ ቁጥር አወጣቸው ነበር። ካርዶቹ ዛሬም አሉኝ፤ ናፍታ ናፍታ ይሸታሉ።

2ኛ፦ የጀመርሽው ትምህርት ጊዜ እንደሚያልፍበት እወቂ። ይሄን ማንም አልነገረኝም። በ2015 አናቶሚ አንድና ሁለትን በኤ ጨርሼ ነበር። በ2016 ገባሁ፣ በ2020 ወጣሁ። ለነርሲንግ ሳመለክት የኮሌጁ ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ትራንስክሪፕቴን (የውጤት ወረቀቴን) ቀና ብላ ሳታየኝ በመስታወቱ ሥር ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። «ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ ሳይንስ አንቀበልም» አለችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። ወታደር ቤት ስለነበርኩ ነው ብዬ ላስረዳት ብሞክር አልሰማችኝም። ሌሊት መኪና ሲጠብቅ አድሮ፣ ጠዋት ላብራቶሪ ገብቶ ያመጣው ኤ እንዲህ ሲጣልበት ያማል። ሁለቱንም እንደገና ወሰድኳቸው። ሁሉም ኮሌጅ አንድ ዓይነት ሕግ የለውም፤ አንቺ አሁኑኑ ያለሽበትን ኮሌጅ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ሜዲክነቱ ቢሳካልሽስ? አብሮኝ ያገለገለ አንድ ልጅ ሜዲክ ነበር። ከአሥር ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና በኋላ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን 16 ሳምንት ተማረ። ጎበዝ ልጅ ነው። ጦር ውስጥ የቆሰለ ሰው ደረት ላይ መርፌ ሰክቶ የታፈነውን አየር ማስወጣት ይፈቀድለታል። ሲወጣ ግን በእጁ ያለው የኢኤምቲ (የአምቡላንስ የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ) ወረቀት ብቻ ነው፤ አምቡላንስ ላይ ያንን መርፌ መንካት አይችልም። ነርስ ለመሆን እንደ እኔ ከአንድ ጀመረ። ሜዲክነት ነርሲንግን ያሳጥራል የሚሉሽን በዚህ መዝኚው።

አርሚ ምንም አልሰጠኝም ብል ግን ውሸት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አገልግሎት ከጨረስሽ ጂአይ ቢል የሚሉት ላገለገለ ወታደር የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያሽን ለ36 ወር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ክላስ በአካል ከገባሽ የቤት ኪራይም ይሰጥሻል። እኔ በ2023 አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ስሆን የአንድ ዶላር ዕዳ አልነበረብኝም። ዜግነቱንም አምስት ዓመት ሳልጠብቅ፣ የማመልከቻ ክፍያ ሳልከፍል አገኘሁ። እናቴ ለምርቃቴ መጥታ ባጄን በእጇ ይዛ ስታለቅስ ያየሁት ቀን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ግን ያንን ቀን ሦስት፣ አራት ዓመት ቀድሜ ላየው እችል ነበር።

ስለዚህ አንቺን ብሆን አናቶሚ ሁለትንና ማይክሮባዮሎጂን እጨርሳለሁ። የገንዘቡ ነገር ካስጨነቀሽ ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙዪ። ከ24 ዓመት በታች ስለሆንሽ የወላጅ ገቢ ይጠይቁሻል። ወላጆችሽ አገር ቤት ቢሆኑም፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም ይሞላል፤ «አይሆንም» የሚልሽ ሰው ካለ ሌላ ሰው ጠይቂ። የባችለር ነርስ ሆነሽ ዜግነትሽን ከያዝሽ በኋላም የአርሚው በር ክፍት ነው። ያኔ የምትገቢው በመኮንንነት ነው፣ ሙያሽም እዚያው ይጠብቅሻል።

የለም፣ አሁኑኑ እገባለሁ ካልሽም አልቆጣሽም፤ እኔም ገብቻለሁ። ለአራት ዓመት ብትፈርሚም ጠቅላላው ግዴታ ስምንት ዓመት እንደሆነ ብቻ እወቂ፤ የቀረውን ዓመት ቤትሽ ሆነሽ ስምሽ መዝገብ ላይ ይቆያል፣ ከፈለጉሽ ይጠሩሻል። ውሉን ሲሰጡሽ ከመፈረምሽ በፊት ሥራው የተጻፈበትን ተጨማሪ ገጽ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ሌሊት ሥራ ነኝ፣ ጠዋት ስወጣ አይልሻለሁ።