ሽማግሌ ያስታረቀው ጠለፋ ከወንጀል ክስ አያመልጥም

ጥያቄ፦ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በአንድ የገጠር ቀበሌ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ነኝ። ከወር በፊት አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከገበያ ስትመለስ ተጠለፈች። ለወረዳው ፖሊስ ያመለከትሁት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ገብተው ለአባቷ ካሳ ተከፈለ፤ የእርቅ ወረቀት ተፈረመ፤ ልጅቷም “ሚስቱ ናት” ተብላ እዚያው ቀረች። ፖሊስ “አባት ታርቋል፣ ከሳሽ የለም” ብሎ መለሰኝ። የጠላፊው ወንድሞች ቤቴ ድረስ መጥተው “ቤትሽን እናቃጥላለን፣ ስማችንን ስላጠፋሽም እንከስሻለን” አሉኝ። የቀበሌው አስተዳዳሪ ደግሞ “እድራችሁ ፈቃድ ስለሌለው ስለዚህ ጉዳይ መሰብሰብ አትችሉም” ይላል። እውነት ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው? (ስማቸውና ቀበሌያቸው ለደኅንነታቸው ሲባል አልተጠቀሰም።)

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጉ ከእነሱ ጋር አይደለም። ስለ ዛቻውም ስለ ፈቃዱም እመለስበታለሁ፤ ነገር ግን ልጅቷ ዛሬም እዚያ ቤት ውስጥ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር።

እርቁ የወንጀል ክሱን አላስቀረውም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። በዚሁ አንቀጽ፣ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ተጽፏል። ይህ ድንጋጌ የገባው በምክንያት ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር በር ይከፍት ነበር። ያ በር ለስንት ቤተሰብ “እንግዲህ ከሆነ ወዲያ ይዳሩ” ማለትን እንዳስለመደ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራስን በመከላከል ነፃ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ጠለፋ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት በአደባባይ እየከበደ መጣ። አዲሱ ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም በተሻረው ሕግ መንፈስ እየዳኙ ነው።

ፖሊሱ “ከሳሽ የለም” ያለዎት ትክክል አይደለም። የተጎጂው አቤቱታ ከሌለ ክስ የማይመሠረትባቸው ወንጀሎች አሉ፤ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ግን ከእነሱ ውስጥ አይደሉም። በእነዚህ ወንጀሎች ከሳሹ በሕዝብና በመንግሥት ስም የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። የአባትየው መታረቅ ዐቃቤ ሕግን አያስታርቀውም። ወንጀል መፈጸሙን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ዝምድና ሳይጠየቅ ማመልከት ስለሚችል “አንቺ ማን ነሽ?” ብለው ሊመልሱዎት አይገባም።

“ወድዳ ነው የተቀመጠችው” የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም። ልጅቷ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ተገድዳ ከሆነ፣ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ አንቀጽ 620 ቅጣቱን ከ5 እስከ 20 ዓመት ያደርሰዋል። አልተገደደችም ቢባል እንኳ በዚህ ዕድሜ ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸም በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ጋብቻውም ቢሆን በሕግ ፊት አይጸናም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በከባድ ምክንያት በልዩ ሁኔታ የሚፈቀደው ቅነሳ እንኳ ከ2 ዓመት ስለማይበልጥ 15 ዓመት ላይ አይደርስም። ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የሚፈጽም ሰው በአንቀጽ 648 ለብቻው ይጠየቃል፤ ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። እያወቁ ያዋዋሉና ያገዙ ሰዎችም በተባባሪነት ሊጠየቁ ይችላሉ። ይህን ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት፣ ግን ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው።

የባህል ዳኝነትን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያውቀዋል ቢሏችሁ፣ አንቀጽ 34 የሚናገረው ስለ ግልና ስለ ቤተሰብ ክርክር ነው፤ እሱም ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ። ጠለፋ ወንጀል ነው፤ ልጅቷንም ፈቃዷን የጠየቃት የለም። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጨቁኑና በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶችን ይከለክላል።

አሁን ወደ ማስረጃው። እናንተን ተስፋ ያስቆረጠው የእርቅ ወረቀት ለዐቃቤ ሕግ ትልቅ ሀብት መሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጠላፊው ስም፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን፣ የካሳው መጠን፣ የሽማግሌዎችና የምስክሮች ፊርማ ይገኛል። ካሳ የተከፈለው ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “ስለጠለፋት” ከማለት ሌላ መልስ አይኖራቸውም። ስለዚህ ወረቀቱ ከመጥፋቱ በፊት ከአባትየው ወይም ከአንዱ ሽማግሌ ቅጂ ያግኙ፤ ካልሆነ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ማንም በኃይል አይንጠቅ፤ ዋናውን ፖሊስ ይሰበስበዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ የዕድሜዋ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተከሳሾች መጀመሪያ የሚሉት “18 ሞልቷታል” ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ ወይም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይፈለግ፤ ክርክር ከተነሣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት በሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል። ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የምዝገባ ዓመቷንና የቀረችበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ዛሬውኑ ቢወጣ ጥሩ ነው። ከገበያ ስትወሰድ ያዩ ሰዎችንም ስም ይዘው ይሂዱ፤ የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ለመካድ ይቀላል። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጋችሁ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። ማመልከቻውን ለወረዳው ፖሊስ፣ ለወረዳው ዐቃቤ ሕግና የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ስጡ። ልጅቷ ከዚያ ቤት እንድትወጣና ደኅንነቷ በሚጠበቅበት ዘመድ ወይም ተቋም እንድትቆይ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጠይቁ። ወረዳው ካልተንቀሳቀሰ ጉዳዩን ወደ ዞኑ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ውሰዱት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አላቸው፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ከሆነ አቤቱታችሁ ክብደት ያገኛል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። ከእንግዲህ ብቻዎን አይፈርሙ። ከእድሩ አሥር ሴቶች ቢፈርሙ ዛቻው በአንድ ቤት ላይ አያርፍም። ብዙ የገጠር ሴት መሪዎች የሚጎዱት የወረዳው ሰው ሁሉ ነገሩን በእነሱ ስም ብቻ ስለሚያውቀው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ።

ልጅቷ ከወጣች መጀመሪያ የምትሄደው ጤና ጣቢያ ነው። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ስለማይጠቅም ለመጀመሪያው ድርጊት ጊዜው አልፏል፤ ባለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ ደግሞ ተደፍራ ከሆነ ግን ለጤና ባለሙያው ወዲያው ትናገር፤ ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ግን እድራችሁ ይህችን ሰዓት እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ። ለእሷ አሁንም የኤች አይ ቪና የእርግዝና ምርመራ፣ የሐኪም ማስረጃና የምክር አገልግሎት ያስፈልጋታል። አርግዛ ከሆነና ማቋረጥ ከፈለገች ሕጉ ይፈቅድላታል፤ በአንቀጽ 551 እና 552 መሠረት እርግዝናው በመደፈር የመጣ መሆኑን መናገሯ ብቻ በቂ ነው። የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ሊሏት አይችሉም። ከወር በኋላ የአካል ምልክት አለመገኘቱ ደግሞ ክሱን አይጥለውም፤ የእሷ ቃልና የአካባቢው ማስረጃ አለ።

ስለ ስም ማጥፋቱ ዛቻ ብዙ አይጨነቁ። የሐሰት ክስ የሚባለው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሲወነጅሉት ነው። እርስዎ በቅን ልቦና ለሚመለከተው አካል አመልክተዋል፤ ሰዎቹም በእርቅ ወረቀታቸው ድርጊቱን አምነዋል። ነገሩን ግን በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይያዙት። በገበያና በለቅሶ ቤት ስም እየጠሩ መናገር፣ የልጅቷን ፎቶ በስልክ ማሰራጨት ለእነሱ መሣሪያ ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ልጅቷን ነው።

የእድራችሁን ፈቃድ በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን ከመጀመሪያውም አይመለከትም። እድር ተሰብስቦ ስለ አባላቱ ልጆች ደኅንነት ቢነጋገር የመደራጀትና የመሰብሰብ መብቱን ተጠቀመ እንጂ ሕግ አልጣሰም። አስተዳዳሪው ክልከላውን በጽሑፍ ይስጡን በሉ፤ የሚጠቅሱትንም የሕግ ቁጥር ጠይቁ። ነገ ከነገ ወዲያ በድርጅት ስም ከለጋሾች ገንዘብ ለመቀበል ካሰባችሁ ግን መመዝገብ ይኖርባችኋል። ሥራችሁ በአንድ ክልል ብቻ ከሆነ ምዝገባው በክልሉ ነው። ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር፤ አንዳንድ የቀበሌ ሹም ዛሬም በዚያ ዘመን ስሜት የሚናገር ይመስለኛል። ያ ገደብ ተነሥቷል።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ግን ጠብ አልመክርም። በከምባታ ወ/ሮ ቦጋለች ገብሬና እህታቸው የመሠረቱት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን የታገለው ሽማግሌዎችን፣ እድሮችንና ወጣቶችን በአንድ የውይይት ክብ አስቀምጦ፣ ለረጅም ጊዜ አነጋግሮ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት የሁለቱ ጎሣ ደም መቃባት ከሆነ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ ቤተሰቦቹ እንዳይጋደሉ ያስታርቁ። ልጅቷን ለመመለስና ዛቻውን ለማስቆም ቃላቸውን ያውሉት። የማይችሉት ልጅቷን የእርቁ ዋጋ አድርገው መስጠት ነው። አባትየውንም በክስ ከማስፈራራት ይልቅ ካሳውን የተቀበለው ተገድዶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ አባት በጉልበተኛ ቤተሰብ ፊት ብቻውን ስለቆመ ይፈርማል፣ አጠገቡ ሰው ሲያገኝ ደግሞ ይመሰክራል።

በከተማ ለሚያነቡንና የእነዚህን ሴቶች ሥራ መደገፍ ለሚሹም አንድ ነገር ልበል። ለገጠር መሪ ሴት ከስብሰባ ቲሸርትና ከሥልጠና የምስክር ወረቀት በላይ የሚያስፈልጋት የመኪና መሳፈሪያ፣ የስልክ ካርድና ልጅቷ በቀጠሮ ቀን የምታድርበት ቤት ነው። ብዙ ክስ የሚከሽፈው ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን ምስክር ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ መምጣት ስላልቻለ ነው። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ አለው፣ አንዱ ሐዋሳ ነው።

በመጨረሻ፣ የእርስዎ ደኅንነት። “ቤትሽን እናቃጥላለን” ማለት በአንቀጽ 580 የሚያስቀጣ ዛቻ ነው፤ ይህ ግን ከጠለፋው በተቃራኒ በእርስዎ አቤቱታ ብቻ የሚንቀሳቀስ ወንጀል ስለሆነ ራስዎ ማመልከት አለብዎት። ማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ቃል እንደተናገረ፣ ማን እንደሰማ ጽፈው ከጠለፋው ማመልከቻ ለይተው ያስገቡ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከባድ ወንጀል ለጠቆሙ ሰዎች ጥበቃ ይፈቅዳል፤ ጥያቄውን በዐቃቤ ሕጉ በኩል ያቅርቡ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ ማንነትን መሰወር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በተግባር ሊሆን የሚችለውን ይጠይቁ፦ ተከሳሹ ወደ ቤትዎና ወደ ልጅቷ እንዳይቀርብ፣ ምስክርነቷ በዝግ ችሎት እንዲሰማ፣ ምስክሮችን የሚያስፈራራ ከሆነም ዐቃቤ ሕጉ ዋስትናውን እንዲቃወም። የዛቻው አቤቱታ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ስለሚቀር፣ የልጅቷን ጉዳይ ለማመልከት ወረዳ በሚሄዱበት ቀን አብረው ያስገቡት።