ወገባችሁን ሲያማችሁ ቀኑን ጻፉ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፊዚዮቴራፒ ሙያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወገቧን አሟት የመጣችን ወጣት "ከባድ ነገር አንስተሽ ነበር? አቀማመጥሽስ እንዴት ነው?" እያልኩ እጠይቅ ነበር። የወር አበባዋን ጉዳይ ግን አላነሳም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንዲት ተማሪ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ወገቧን ስዳስሰው ጡንቻው እንደ ገመድ ተወጥሯል። ካርዷን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ሦስቱም ቀኖች በአራት በአራት ሳምንት ልዩነት ናቸው። "የወር አበባሽ መቼ ነው?" አልኳት። "ዛሬ ጀመረኝ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግን እሱን ከወገቤ ጋር ምን አገናኘው?"

በደንብ ይገናኛል። ማህፀን ራሱ ጡንቻ ነው። የወር አበባ ሲመጣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ በእሱም ምክንያት ይኮማተራል፣ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ያማል። ከማህፀን የሚመጡ ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት የወገብ፣ የዳሌና የጭን ነርቮች በሚገቡበት አካባቢ ነው። ስለዚህ አንጎል የሕመሙ ምንጭ ይምታታበታል፤ ማህፀን ታሞ ወገብ ይጮኻል። በዚያ ላይ ሆዳችሁን ይዛችሁ ስትጎብጡ የወገብና የዳሌ ጡንቻዎች አብረው ይጨመደዳሉ። ከባድ ሕመም ወር በወር ሲደጋገም ደግሞ ነርቮቹ ራሳቸው ቶሎ የሚቆጡ ይሆናሉ። ያኔ የወር አበባው ካለፈም በኋላ ትንሹ ነገር ያማል።

ሙቅ ነገር ሆዳችሁና ወገባችሁ ላይ አድርጉ፤ እውነት ይረዳል። ከቻላችሁ ተንቀሳቀሱ፣ አዘውትሮ ስፖርት መሥራት ሕመሙን ይቀንሳል። ኢቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያደርግ፣ ሕመሙ እስኪበረታ ከመጠበቅ ሲጀምር መውሰዱ ይሻላል፤ ምግብ በልታችሁ ግን። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

"ሴት ሆነሽ ቻይው" የሚሏችሁን አትስሙ። ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ፣ ከዓመት ዓመት ከባሰ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጡ ካመማችሁ፣ ወይም በወር አበባ ሰሞን ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ነው። በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች 1 ያህሏ አለባት፤ ብዙዎቹ ሕመሙ እስኪታወቅላቸው ዓመታት ይፈጃል።

ለሦስት ወር ያህል ሁለቱንም በአንድ ደብተር ጻፉ፦ የወር አበባችሁ የመጣበትን ቀን፣ ወገባችሁን ያመማችሁን ቀን። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ አንሱት። አትፈሩ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉለት።