ነርስነትሽን ጥለሽ አትሂጂ

ውድ እህቴ፣

በነርስነት አራት ዓመት ከሠራሽ በኋላ በሞባይል ስልክ ሕሙማንን የመከታተል ሥራ ልብሽን እንደሳበው፣ ለዚህም ሥራሽን ለቅቀሽ ፕሮግራመር ለመሆን ልትማሪ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ታላቅ ወንድምሽ ክፍያውን ተበድሮ ሊሸፍንልሽ ተነሥቷል፤ አባትሽ ደግሞ «ስልክ መነካካት የነርስ ሥራ አይደለም» ብለዋል። ዕድሜሽ 29 መሆኑም አስግቶሻል።

የዕድሜውን ነገር ተይው፤ አልረፈደብሽም። ሥራ መልቀቁን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ አንድ የኬንያ ጥናት አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች በየሳምንቱ ደኅንነታቸውን የሚጠይቅ አጭር መልእክት በስልካቸው ይላክ ነበር። እነሱም በ48 ሰዓት ውስጥ «ደህና ነኝ» ወይም «ችግር አለ» ብለው ይመልሳሉ። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት መልእክቱ ከሚደርሳቸው 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው ደግሞ 50 በመቶ ሆኑ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ስልኩን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው «ችግር አለ» ላለውም፣ ዝም ላለውም ታካሚ ደውሎ የጠየቀውን የጤና ባለሙያ ነው። መልእክት መላኪያውን ጎበዝ ፕሮግራመር ይሠራዋል። ታካሚው መድኃኒቱን ያቋረጠው አቅለሽልሾት ይሁን፣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ ይሁን፣ ከቤተሰብ እየደበቀ ይሁን በሁለት ጥያቄ የሚለየው ግን እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።

እኔ ከመድኃኒት ቤት ተነሥቼ ወደ ጤና መረጃ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የማየው ከዚያ በኩል ነው። ያማረ ቅጽ በስልክ ተጭኖ ይመጣል። ነርሷ ያንኑ መረጃ በወረቀት መዝገቡም ላይ እንድትጽፍ ትገደዳለች። በር ላይ ወረፋው ረዝሟልና ስልኩን የምትሞላው ማታ፣ ከትዝታዋ ነው። ሌላው ደግሞ የቀጠሮ ማስታወሻው የበሽታውን ስም ጠርቶ ይላካል፤ ስልኩ ግን ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። ምሥጢር በዚህ ዓይነት ሲወጣ አዝናለሁ፣ እናደዳለሁም። የቅጹ ዝግጅት ላይ አንዲት ነርስ ብትቀመጥ ኖሮ ሁለቱም በጊዜ ይታዩ ነበር።

ስለዚህ ከተቋምሽ ሳትወጪ ጀምሪ። የጤና መረጃ ክፍሉን ሄደሽ አነጋግሪ፤ አዲስ አሠራር ሲሞከር ያንቺ ክፍል ቀዳሚ እንዲሆን ጠይቂ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጀውን፣ በብዙ አገሮች የጤና ሚኒስቴሮች የሚጠቀሙበትን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የጤና መረጃ መሰብሰቢያና መተንተኛ ሶፍትዌር ተማሪ፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ መሠረታዊ ትምህርቱም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ በጤና ኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የጤና መረጃን በኮምፒውተር በመያዝና በመጠቀም ሙያ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥዪ። ፕሮግራም መጻፍንም በትርፍ ሰዓትሽ ልመጂ፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ለመግባባት ይበጅሻል።

አባትሽን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። በስልክ የታካሚን ደኅንነት መከታተል ነርስነት ነው። ወንድምሽም ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ ጥሩ አልመከረሽም። ባለዕዳ ሰው ሥራ አይመርጥም፤ ቶሎ የሚከፍለውን ይይዛል፣ ያ ደግሞ ከጤና ጋር የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። ብድሩን ሳይፈርም ዛሬውኑ አስቁሚው።

እስከዚያው አንድ ነገር ሥሪ። የነፍሰ ጡር ክትትል ቅጻችሁን ወስደሽ በስልክ ቢሆን የትኛው ጥያቄ እንደሚቀነስ፣ ማን እንደሚሞላው፣ መልሱን ማን እንደሚያየውና አደጋ ሲታይ ማን እንደሚደውል በወረቀት ላይ ጻፊ። ሠርተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።