ሕፃን ይዞ ሰልፍ መውጣት፦ ለወጣት ወላጆች

«የሰባት ዓመት ልጄን ሰልፍ ልውሰደው ወይስ ቤት ልተወው?» ስትል አንዲት ወጣት እናት ጠይቃኛለች። መልሱ አጭር ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ይቀሰቅሳል።

ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከተገደሉት ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ሰልፍ ይዟቸው የወጣ ወላጅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ልጃቸው የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆነ ሳያውቁ ሬሳ የፈለጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ከአንድ ማዕድ የበሉ ወንድማማቾች አንዱ የኢሕአፓ፣ ሌላው የተቀናቃኙ የመኢሶን አባል ሆነው ሊገዳደሉ ተፈላልገዋል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የቀረው ትምህርት «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብቻ ሆነ። ዜና ሲጀምር የሬዲዮው ድምፅ ይቀነሳል፣ ጎረቤት ሲገባ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። በማግስቱ ደግሞ ቀበሌው ሰልፍ ውጡ ሲል ያ ሁሉ ቤተሰብ ወጥቶ መፈክር ያሰማል፤ የቀረ ይጠየቃላ። ልጅ ከዚህ የሚማረው ፖለቲካ አይደለም። አፍና ልብ ለየብቻ መሆናቸውን ነው።

የዛሬ ወላጆች ተቃራኒውን ያዛችሁ። የሕፃኑን ጉንጭ በባንዲራ ቀለም ቀብቶ፣ ማንበብ የማይችለውን መፈክር አስይዞ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ምን ይባላል? አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ያው ነው። ምስሉ ልጁ አድጎ ሐሳቡን ቢቀይርም አይጠፋም። ያላነበበውን አታስይዙት፣ ፊቱንም አትለጥፉ።

ወላጆች ምን ያወርሳሉ የሚለው በደንብ ተጠንቷል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ኬንት ጄኒንግስና ሪቻርድ ኒሚ በ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተማሪዎችን ከነወላጆቻቸው ጠይቀው፣ የፓርቲ ደጋፊነት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ሲተላለፍ በየጉዳዩ ላይ ያለው አቋም ግን ብዙም እንደማይወረስ አገኙ። ሌላው ተመራማሪ ኤሊያስ ዲናስ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ፖለቲካ በሚሞቅበት ቤት ያደገ ልጅ የወላጁን አቋም ቶሎ እንደሚይዝ፣ ከቤት ሲወጣና ሌላ ሐሳብ ሲያገኝ ግን ቶሎ እንደሚተወው አሳየ። ደጋፊ አፈራለሁ ብላችሁ ከሆነ የምትወስዱት፣ ድካም ነው።

እኔ ብጠየቅ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤቱ ይቆይ እላለሁ። ቢሆንም በዝምታ ያደገውን ትውልድ ሳስብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ምን እንደሆነ በዓይኑ ያየ ልጅ ይሻላል የሚለውንም መካድ አልችልም። ከወሰዳችሁ እንዲህ አድርጉ።

በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት አዘጋጁ ሰልፉን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ መደረጉን ሳታረጋግጡ ልጅ ይዛችሁ አትንቀሳቀሱ። ጠዋት የለበሰውን ልብስ ፎቶ አንሡ፣ ስልካችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ጋሪ ይቅር፤ ግፊያ ሲመጣ መሰናክል ይሆናል። መስቀል አደባባይ ከሆነ ከመድረኩ ፊትና ከአጥሩ ራቁ፣ ጠርዝ ላይ ቁሙ፣ በየት እንደምትወጡ አስቀድማችሁ ለዩ፦ በስታዲየም ወይስ በቦሌ መንገድ? ደረጃው ላይ አትቁሙ፤ ሰው ሲሮጥ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚሁ አደባባይ ቦምብ የፈነዳው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግራቸውን እንደጨረሱ ነበር። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ቦምብ ቀርቶ መበተኑ ራሱ ግፊያ ያመጣልና ንግግሩ ሳያልቅ ውጡ።

በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ከቆመ እግር እንደፈለጉ አይሄድም። አዋቂ ጭንቅላቱ ከላይ ስለሆነ አየር ያገኛል፣ የልጅ አፍ ግን ያለው በሰው ወገብና ክርን መካከል ነው። ልጁን ደረታችሁ ላይ አቅፉት እንጂ ትከሻ ላይ አትጫኑት፤ እናንተ ከተደናቀፋችሁ እሱ ከላይ ይወድቃል። ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት አትታገሉ፣ ግፊቱ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። አስለቃሽ ጭስ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል፤ ልጆችም ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ይበልጥ ይጎዳሉ። ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ፣ ዓይኑን በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ልብሱን ቀይሩ።

ቤት ስትገቡ «ምን አየህ?» በሉት፣ እናንተ ሳትተረጉሙለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ደግሞ ከእናንተ ጋር የማይስማማውን አጎቱን ጥሩት፤ ልጁም እዚያው ተቀምጦ ይስማ።