ልጄ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ኢሲጂው ግን «ደህና ነው» ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። ኳስ ነፍሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እየሮጠ ሳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ጓደኞቹ ክብሪት ጭረው አሸተቱት፤ ደቂቃ ሳይሞላ ነቃ። ጾም ስለነበር ረሃብ ነው ብለን ስኳር ውሃ ሰጠነው። በማግስቱ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሳና «ምንም የለበትም» ተባልን። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሌላ ሐኪም ጋ ስወስደው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሠሩለትና «ግራው ኮሮናሪ ከቀኝ በኩል የሚነሳ ይመስላል፤ ሲቲ ስካን ይሠራ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ኮሮና መስሎኝ ነበር። አባቱ «ልጁ እኮ ደህና ነው፤ አታስጨንቂው» ይላል። ኳሱን ይተው? ኦፕራሲዮን ግድ ነው?
የልጁ እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ ይተው። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ኳስም፣ ሩጫም፣ የትምህርት ቤቱ ስፖርትም ይቅር። ሲቲውንም ቀጠሮ እንዳገኙ ያሠሩት።

ስለ ኮሮና አይሳቀቁ፤ ክሊኒኬ ውስጥ በየሳምንቱ የምሰማው ነው። ኮሮና የቫይረሱ፣ ኮሮናሪ የልብ ደም ስሮች ስም ነው፤ ሁለቱም ስሞች «ዘውድ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጡ ናቸው። ደም ስሮቹ ልብን እንደ ዘውድ ስለሚከቡ እንዲህ ተባሉ። ዝምድናቸው በስም ብቻ ነው።

ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ አኦርታ ይባላል። ሥሩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ደም ስሮች ይነሳሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት እነሱ ናቸው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግራው ነው። ከመቶ ሰው አንድ በማይሞላው ላይ አንደኛው በሌላኛው በኩል ይነሳል። አብዛኞቹ ሳያውቁት ያረጃሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ መነሻው ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ከቀኝ የተነሳው ግራ ደም ስር ወደ ቦታው ለመድረስ መዞር አለበት። በአኦርታና ወደ ሳንባ በሚሄደው ቧንቧ መሃል ከሾለከ አደጋ አለው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ክፍል በአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል፤ አፉም እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የጠበበ ስንጥቅ ነው። ልጁ ሲሮጥ አኦርታው ይወጠራል፣ ያ ክፍል ይጨመቃል። ጡንቻው ደም አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ደም ያጣል፤ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል።

ሲያርፍ ሁሉም ይመለሳል። አልጋ ላይ ተጋድሞ የተነሳው ኢሲጂ ሜዳ ላይ የሆነውን አይነግረንም። መሮጫ ማሽን ላይ የሚደረገው ፈተና እንኳ ሊያታልል ይችላል። እኔ ራሴ ተታልያለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የ19 ዓመት ሯጭ ማሽኑን እየሳቀ ጨረሰልኝና «በርታ» ብዬ ሸኘሁት። ከአራት ወር በኋላ ልምምድ ላይ ወድቆ መጣ። ኢኮው ላይ ነገሩን ያየችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ እኔ ግን ያቺን «በርታ» እስካሁን አልረሳኋትም።

ለአባትየው ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። አሜሪካዊው ፒት ማራቪች በኤንቢኤ አሥር የውድድር ዘመን ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1988 በ40 ዓመቱ፣ ለጨዋታ ያህል ኳስ ሲወረውር ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ግራ ኮሮናሪ ጭራሽ ሳይኖረው እንደተወለደ ታወቀ። የልጃችሁ ዓይነት አይደለም፤ ግን «ደህና ይመስላል» ማለት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል።

ቤተ ክርስቲያን ብዙ ቆሞ፣ አልቦት፣ ዓይኑ ጭልም ብሎበት የወደቀ ልጅ ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። እየሮጠ፣ ደረቱን ይዞ የወደቀ ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ጉዳይ ነው።

ሲቲው ተራ የደረት ሲቲ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከልብ ምት ጋር እየተቀናጀ የሚነሳ የኮሮናሪ ሲቲ ነው። የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካለው ቀድመው ይናገሩ፤ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ውጤቱ ላይ የደም ስሩ አፍ ቅርፅ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ በግድግዳው ውስጥ ምን ያህል እንደሚሄድ መጻፉን ይመልከቱ። ከሌለ መልሰው ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

ሲቲው ግራው በሁለቱ ቧንቧዎች መሃል እንደሚያልፍ ካረጋገጠ፣ ልጁም ወድቋልና ምክሬ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሞቹ የተቀበረውን ክፍል ከውስጥ ከፍተው አፉን ያሰፋሉ፤ ካልሆነም ነቅለው በትክክለኛው ቦታ ይተክሉታል። ክኒን መንገዱን አይቀይርም። ከተሳካና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚደረገው ፈተና ንጹህ ከሆነ ወደ ኳስ መመለስ ይቻላል። ይህንን ለልጁ አሁኑኑ ይንገሩት፤ «ለዘላለም ቀረብህ» ብሎ ካሰበ ተደብቆ ይጫወታል። ቀኙ ከግራ ተነስቶ ምንም ምልክት ባይኖረው ኖሮ፣ ምናልባት ክትትል ይበቃው ነበር።

ክብሪቱን ግን ተዉት። ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በኃይል፣ በፍጥነት ተጫኑ፤ አንዱ ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ። ለጓደኞቹም አሳዩአቸው።