ፓምፑ የሚቆራርጠው ፖሊመር

ጥያቄ፦ ከወንዝ ዳር በሞተር ፓምፕ 600 ሜትር ርቆ፣ 18 ሜትር ከፍ ብሎ ወዳለው የጎመን ማሳችን ውሃ እንስባለን። ቱቦው ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሰከንድ 2 ሊትር ያደርሳል። «ፖሊአክሪላማይድ ሰበቃ ይቀንሳል» ተብለን ዱቄቱን በፓምፑ መሳቢያ በኩል ብንጨምር ለውጥ የለም፤ በርሜሉ ውስጥም ጓጉሎ ቀረ። በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ) የተሸፈነ ዓይነትም አለ ይባላል። ምን ይሻለናል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ የሰማችሁት እውነት ነው፤ ቶምስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየው ነገር ነው። እንደ ፖሊአክሪላማይድ ያሉ ፖሊመሮች፣ ማለትም ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች፣ በቱቦው ግድግዳ አጠገብ ያለውን የውሃ ሽክርክሪት ያበርዱታል። ፍሰቱ ግን የሚናወጥ መሆን አለበት። የእናንተ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ይህን ያሟላል።

መጀመሪያ ግን ለኩ። ከፓምፑ መውጫ ላይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ግጠሙ። ቱቦው ሞልቶ፣ ፓምፑ ቆሞ፣ ቼክ ቫልቩ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ውሃውን ከያዘው 1.8 ባር ግድም ያነባል፤ ይህ የከፍታው ድርሻ ነው፣ ፖሊመር አይነካውም። ፓምፑ ሲሠራ 3.1 አካባቢ ካነበበ ልዩነቱ 1.3 ባር ሰበቃ ነው። ማትረፍ የምትችሉት ከዚህ ብቻ ነው።

ዱቄቱ ያልሠራው የፓምፑ ምላጭ ሰንሰለቱን ስለቆራረጠው ነው። ጉልበቱ ርዝመቱ ውስጥ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። የጓጎለው ደግሞ ዱቄቱ ባንዴ ስለተደፋ ነው፤ ላዩ ሙጫ ሆኖ ውስጡን ደረቅ እንዳለ ይቆልፈዋል፣ በችኮላ እንደተሠራ ገንፎ። 1 ግራም ለ1 ሊትር ሂሳብ፣ በሚሽከረከር ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት በትኑት፤ ከዚያ በዝግታ እያማሰላችሁ አሳድሩት። ፈጣን ማማሰያ እንደ ፓምፑ ይቆርጠዋል። የምትጨምሩት ከቼክ ቫልቩ በኋላ፣ 3.1 ባርን በሚያሸንፍ መጠን ለኪ ፓምፕ ነው። በ20 ግራም ለሜትር ኩብ ከጀመራችሁ በሰዓት 144 ግራም ዱቄት፣ ማለትም 144 ሊትር ብጥብጥ ትፈልጋላችሁ። የ200 ሊትር በርሜል አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም!

ኢመልሽን የሚፈለገውም ለዚህ ነው። በዘይት ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ፖሊመሩን አምቀው ይይዛሉ፤ ፖሊመሩ 30 በመቶ ከሆነ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል። ጠብታዎቹን በሳሙና መሰል ነገር ፋንታ እንደ ሲሊካ ያሉ ናኖ ቅንጣቶች ሲከቧቸው ጋሻው ስለሚጠነክር ቶሎ አይዋሃዱም። ጣጣው ጋሻው ሲጠነክር ፖሊመሩም አለመውጣቱ ነው። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ሙቀት፣ አሲድነት ወይም ጨው ሲለወጥ ከጠብታው ላይ እንዲላቀቁ ተደርገው ይሠራሉ። ሐሳቡ ጠብታው ፓምፑን ተሸፍኖ አልፎ ቱቦው ውስጥ እንዲፈታ ነው። ቀድሞ ከተፈታ ፓምፑ ይቆርጠዋል፤ ዘግይቶ ከተፈታ ማሳው ላይ ይባክናል። በሙቀት እንዲላቀቁ ቅንጣቶቹ ከሚለበሱት የታወቀው ሌላ ዓይነት ፖሊመር 32 ዲግሪ ላይ ነው ጠባዩን የሚለውጠው፤ የሱሉልታ ወንዝ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ዘዴው በአመዛኙ ገና የቤተ ሙከራ ሥራ ስለሆነ አትጠብቁት።

እኛን ብትጠይቁን ውስጡ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ይሻላል፤ ለዚያው ፍሰት ሰበቃው ያለምንም ኬሚካል ወደ ሲሶ ይወርዳል። ዱቄቱን የግድ ካላችሁ በክረምት ተዉት፤ ፖሊመሩ ከድፍርስ ውሃ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ከቱቦው ሰው የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የተፈቀደውን ደረጃ ብቻ ግዙ። ፖሊመሩ የሚሠራበትና በዱቄቱ ውስጥ የሚቀረው አክሪላማይድ መርዛማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.5 ማይክሮ ግራም ነው።